በሁዳዴ ዝም ያለው ሞተር

ባለፈው ሰሞን ገና ጀንበር ሳትጠልቅ መብራት ሄደና፣ ጎረቤቴ ዮናስ በግቢው ጥግ ያስቀመጣትን ትንሽ ጄኔሬተር ገመዷን ሳብ ሳብ አድርጎ አስነሣት። ሴት ልጁ ቤዛ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስለ ደረሰባት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይህችን ሞተር ማስነሣት የአባት ግዴታ ሆኗል። በአጥሩ ላይ አልፎ መጀመሪያ የደረሰኝ የቤንዚን ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የጋለ ዘይት ሽታ መጣ፣ ኑግ ሲታመስ ሊያር ሲል እንደሚሸተው ያለ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ሽታው ከደረሰ ድምፁም ይደርሳል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ከጩኸቱ ሥር መኖር የሚገባው ያ ቀጭን ቅጭቅጭታ ግን የለም። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ሄድሁና፣ «ዮናስ፣ የዚህች ሞተር ቫልቭ ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ካላላላኸው ይቃጠላል» አልሁት። ሣቀብኝ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ትናንት እኮ ነው ሰው አምጥቼ ያስጠበቅሁት። ስትንቀጫቀጭ ነበር የከረመች፤ አሁን ይኸው ሸጋ ሆናለች፣ ዝም ብላለች» አለኝ። ሞተር ዝም አለ ብሎ የሚደሰት ሰው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የዚያን ዕለትም ደሜ እንደፈላ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

የእኛ ወፍጮ ቤት እዚሁ ጎንደር፣ ከሰፈራችን ደብር በታች፣ የቅጽሩ ወይራ ጥላውን በሚጥልበት ቁልቁለት ላይ ነበር። ቦታው የአባቴ፣ ሞተሩ የአያ ገሠሠ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ድጓ ሲያስተምሩ፣ ብራና ሲፍቁ፣ መጽሐፍ ሲገለብጡ ዕድሜያቸውን ስለ ጨረሱት ዓይናቸው ቀድሞ ደክሞ፣ እኔ በደረስሁበት ጊዜ ሰውን የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነበር። አያ ገሠሠ ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ከመኪና ጋራዥ ውሎ የተማረ፣ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ ጣሊያን ትቶት የሄደውን አንድ የናፍጣ ሞተር ከአሥመራ በጭነት መኪና አስጭኖ ያመጣ፣ ጣቶቹ በዘይት ጠቁረው የቀሩ ደግ ሰው ነበር። ሁለቱ ሰዎች እንዴት እንደተስማሙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ አንዱ ሲናገር ግማሹ ግእዝ ነው፣ የሌላው ግማሹ ጣሊያንኛ። ሞተሩ ከመጣ በኋላ ግን የሰፈሩ ሴት ሁሉ ስልቻዋን ተሸክማ ወደ እኛ ትወርድ ጀመር፤ ወፍጮ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ የዳጉሳና የገብስ ዱቄት እንደ ጉም የሚበንንበት፣ ሰው ሁሉ ቅንድቡ ነጥቶ የሚወጣበት ቦታ ሆነ።

ለሌላው ሰው ዱቄት ነበር፤ ለእኔ ግን ትምህርት ቤት ማለት ነበር። ከዚያ በፊት እናቴና እኔ የምንፈጨው በድንጋይ ነው፤ ለቤቱም፣ ለአባቴ ተማሪዎችም፣ ለተዝካሩም። ከመጁ ላይ ተደፍቼ ስውል ወገቤ ይቆለፋል፣ መዳፌ ይላጣል፣ ትምህርት ቤት ልሂድ ማለት የማይታሰብ ነገር ነበር። ሞተሩ በተተከለ ማግሥት እናቴ እጄን ይዛ ከሸለቆው ማዶ ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወሰደችኝና ስትመለስ፣ «ይች ማኪና እስከጮኸች ድረስ ትማሪያለሽ፤ ዝም ካለች ግን ድንጋዩ እቤት ነው፣ የትም አልሄደም» አለችኝ። ቃሏ እንደዚያ ስለ ነበረ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አንድ ጆሮዬን ለመምህሩ፣ አንዱን ለሸለቆው ሰጥቼ ነው የተማርሁት። ቱፍ ቱፍታዋ በመስኮት ሲገባ ልቤ ያርፋል፤ ቺንጋው ተበጥሶ፣ ወይም ናፍጣ አልቆ ለአፍታ ቀጥ ስትል ጥቁር ሰሌዳው ይጠፋብኛል። ሂሳብ ደካማ የነበርሁት በዚህ የተነሣ ነው ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ።

አምስተኛ ክፍል በገባሁ ዓመት አያ ገሠሠ ዛሪማ ገበያ ላይ ሌላ ወፍጮ ሊተክል ተነሣ። ሳይሄድ በፊት አባቴንና እኔን አስቀምጦ የቫልቩን ነገር አስረዳን። ሞተሩ ራሱ ላይ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉት፤ አንዱ አየር የሚያስገባ፣ አንዱ ጭስ የሚያስወጣ፤ እያንዳንዱን በር እንደ ዥዋዥዌ ከፍ ዝቅ የሚል ብረት ይገፋዋል። «በዥዋዥዌውና በበሩ ጭራ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለባት» አለ አያ ገሠሠ። «ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሲበርድ ክፍተት ካልተውህለት፣ ሲሞቅ የሚደርስበት ያጣና በሩን ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል፤ እሳት በዚያ ሲሾልክ ከንፈሩን ይበላዋል። ክፍተቷ ስላለች ነው ቅጭ ቅጭ የሚል። ቅጭቅጩን አትጥሉት።» ክፍተቷን የሚለካባቸው ቅጠል የመሰሉ ቀጫጭን ብረቶች ነበሩት፤ ነገር ግን ለዛሪማው ሞተርም ስለሚያስፈልጉት ይዟቸው መሄዱ ነው። አባቴ ብረቶቹን ተቀብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል እያሹ ቆዩና ከብራና ቁርጥራጫቸው መካከል መምረጥ ያዙ፤ ለአየሩ በር ስስ የጠቦት ብራና፣ ለጭሱ በር ወፈር ያለ የፍየል ብራና። አያ ገሠሠ ከብረቶቹ ጋር አስተያይቶ፣ «መሪጌታ፣ አንቱስ ጋራዥ ይገባዎት ነበር» ብሎ ሣቀ።

ብራናውን የመረጡት እሳቸው ይሁኑ እንጂ ክፍተቷን የሚያይ ዓይን ስለሌላቸው መማር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አባቴ የሚያውቁት አንድ የማስተማር ዘዴ ብቻ ነው፤ ድጓ እንደሚያስተምሩት። መጀመሪያ ማድመጥ፣ ከዚያ በቃል መያዝ፣ ከዚያ እየደጋገሙ መቀጸል፣ ብረት መንካት ከሁሉ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከሞተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ «ሳይበርድ አይነካ፤ ሁለቱ በሮች ሳይዘጉ አይለካ፤ ብራናው ሲሳብ ያዝ ያድርግ እንጂ አይቀደድ» እያሉ ያስደግሙኛል። ደገምሁ። አሁን ካቻቢቴውን ስጡኝ ስላቸው፣ «ዜማው ገና ነው» ይሉኛል። ዥዋዥዌው ሲላላ የሚሰማው ይህ ነው፣ ልኩ ሲሆን የሚሰማው ይህ ነው እያሉ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ያሰሙኛል፤ እኔ ግን ልዩነቱ አልገባ ብሎኝ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አልገባኝም ማለት ራሱ ሌላ ሰዓት እንደሚያስቀምጠኝ ስለማውቅ፣ ገባኝ እያልሁ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ።

ካቻቢቴው ሲፈቀድልኝ ደግሞ ንዴቱ ባሰ። የሞተሩ ፒስተን መንኮራኩሩ ሁለቴ ሲዞር ወደ ላይ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ በአንዱ ሁለቱም በሮች ተዘግተው ያርፋሉ፣ በሌላው ግን አንዱ ሲዘጋ አንዱ ይከፈታል፤ በዚያኛው ላይ የለኩት ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማገኘው ሁለተኛውን ነበር። አባቴ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ ዥዋዥዌውን በጣታቸው ነካ ያደርጉና፣ «ይህ ሐሰተኛው ነቢይ ነው፤ አዙሪው» ይላሉ፤ ያን ከባድ መንኮራኩር እንደገና እገፋለሁ። እውነተኛውን አግኝቼ፣ ብራናውን አግብቼ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞርሁ ልክ ሳደርሰው ደግሞ የመጨረሻው ዳዶ ይቀራል። ዳዶው ብሎኑ እንዳይንቀሳቀስ የሚያስር ነው፤ እኔ ዳዶውን በመፍቻ ሳጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞርና ያ ሁሉ ልኬት ይጠፋል። አላላለሁ፣ እለካለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ይዞራል። አንድ ቀን መፍቻውን ወርውሬ ከዱቄቱ ክምር ውስጥ ቀበርሁትና ተቀምጬ አለቀስሁ፤ አባቴ ዱቄቱን እየዳበሱ ፈልገው አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጠርገው፣ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። ያን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው እንዴት አያናድድ!

እንደ ምንም ብዬ ለመድሁት። ብሎኑን በአንድ እጅ ግጥም አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ዳዶውን ማሰር፣ ለሚሰርቀው ያህል ደግሞ አስቀድሞ ጥቂት አላልቶ መተው ነው ምሥጢሩ። ከገና በኋላ ያለ አባቴ ጆሮ ማስተካከል ጀመርሁ፤ ሞተሩ ቅጭ ቅጭ እያለ ይፈጫል፣ እኔም ከሸለቆው ማዶ እማራለሁ። ሁሉ ነገር ደህና ሆነ ስል ሁዳዴ ገባ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይሰቀላል፤ ጾመ ድጓው የሚቆመው በመቋሚያ ብቻ ነው። የደብሩ አለቃ ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት ከቅዳሴ መልስ ወደ ወፍጮ ቤታችን ወረዱና፣ ከበሩ ሳይገቡ ቆመው፣ «መሪጌታ፣ ቱፍቱፉን እንደ ነፋስ ቆጥረን እንለፈው። ይህ ቅጭቅጩ ግን ጸናጽል ነው። እኛ የእኛን ሰቅለን ሳለ ያንቱ ብረት ከቅጽሩ ሥር ሲያሸበሽብ ሕዝቡ ምን ይበለን?» አሏቸው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ አባቴን ሳይ ሣቄ ጠፋ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ያልፈው ይሆናል፤ እሳቸው ግን የደብሩን ጾመ ድጓ የሚመሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ሙሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር በዝግታ ሲያዜሙ ከታች የሚሰማው ቅጭቅጭታ የራሳቸው ቤት መሆኑ ለካ ከአለቃው በፊት እሳቸውን ሲበላቸው ከርሟል።

በማግሥቱ ሞተሩ ሳይነሣ ካቻቢቴውንና መፍቻውን ራሳቸው ያዙ። ብራናዎቹን አላወጡም። ዳዶውን አላሉና ብሎኑን ክፍተቱ እስኪጠፋ፣ ዥዋዥዌው ንቅንቅ እስከማይል አዙረው አሰሩት፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። «አባባ፣ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል ብለው አላስተማሩኝም?» አልኋቸው። «ለሁዳዴ ብቻ ነው፣ ጥሩዬ» አሉ። «ይቃጠላል እኮ!» ብዬ ስጮህ፣ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ተረቱብኝ። ያን ሁሉ ወር በቃሌ ያስያዙኝን ሰው በገዛ ቃላቸው ልሞግታቸው ብነሣም፣ ያን ጊዜ ሴት ልጅ አባቷን የምትሞግትበት ልክ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱንም ጨርሼዋለሁ። ሞተሩ ተነሣ። ቅጭቅጩ የለም። ከሰዓት በኋላ አለቃው ከቅጽሩ በር ላይ ሆነው መስቀላቸውን አንሥተው ባረኩን፤ አባቴም ለረጅም ጊዜ ያላየሁትን ፈገግታ ፈገግ አሉ።

ቫልቭ እንደ ሰው አይደለም፤ ስለ ጾሙ አይታገሥም። ለጥቂት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ደህና ይነሣና ሲግል ጉልበቱ ይከዳው ጀመር፤ ዱቄቱ ሸካራ ሆነ፣ ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ ጭሱ ጠቆረ። ክፍተቱን እንመልሰው ብዬ ለመንሁ፤ «ሆሳዕና ደርሷል» ተባልሁ። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የሸለቆው ማዶ ድምፅ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ናፍጣ ይሆናል አልሁ። ቺንጋው ይሆናል አልሁ። ደወሉ እስኪደወል ተመልሶ አልጮኸም። ቤት ስደርስ አባቴ የተፈታውን የጭስ መውጫ ቫልቭ መዳፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠው፣ የተበላውን ከንፈሩን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ለፋሲካ ዱቄት የመጡ ሴቶች ስልቻቸውን መልሰው እየተሸከሙ ነው። እናቴ ከበሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ምነው መሪጌታ! ሰው ይመነኩሳል እንጂ ብረት ይመነኩሳል?» አለቻቸው።

ድንጋዩ እንደተባለው የትም አልሄደም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና እኔ ተራ በተራ ተደፋንበት። አባቴ አዲስ ቫልቭ እንዲፈልግልን በአንድ ሾፌር አፍ ለአያ ገሠሠ ላኩ፤ አያ ገሠሠ ዛሪማ ላይ አጣ፣ አዲ አርቃይ አስፈለገ፣ አሥመራ ድረስ ላከ፤ ሲገኝ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሊማሊሞ ተንዶ መኪና አያልፍም ተባለ። እኔ እፈጫለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ከሸለቆው ማዶ እየዘመሩ ሲወጡ ይሰማኛል፤ መጁን እገፋለሁ፣ እናደዳለሁ፣ በንዴቴ ብዛት ዱቄቱ ልሞ እናቴ ታመሰግነኛለች። ፈተናው አለፈ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘጋ። ቫልቩ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከአያ ገሠሠ መልእክት ጋር። ሾፌሩ እየሣቀ፣ «ለመሪጌታ ንገርልኝ፤ ይህንን ጸናጽል እንዳይሰቅሉት ብሏል» አለ።

አዲሱን ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር ለማስማማት በደቀቀ አሸዋና በዘይት እያሹ መፈተግ ያስፈልጋል፤ ያም ሌላ ወፍጮ ነው፣ እሱንም እኔው ፈጨሁ። ከገጠምነው በኋላ አባቴ ብራናዎቹን ከወገባቸው አውጥተው ሰጡኝና ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ። እውነተኛውን ቦታ አገኘሁ፤ የፍየሉን ብራና አገባሁ፤ ብሎኑን ያዝሁ፤ ዳዶውን አሰርሁ፤ ብራናውን ሳብሁት፣ ያዝ አደረገኝና ወጣ። ሞተሩ ተነሥቶ ቅጭ ቅጭ ሲል አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አደመጡ፣ ከዚያ «ሸጋ» አሉ። ከአባቴ የሰማሁት ምስጋና ይህ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ይቅርታ ግን አላሉም። ለሚቀጥለው ሁዳዴም የቅዳሴው ደወል ሲደወል ሞተሩን ማቆም፣ ሕዝቡ «እትዉ በሰላም» ተብሎ ሲወጣ ማስነሣት ነው ብለው ከአለቃው ጋር ተስማሙ። አለቀ። አንድ ልጅ ቁጭ ብላ ልታስበው የምትችል ነገር ነበር፤ ሁለት ሊቃውንት ሳያስቡት ዓመቴ ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ደብተሬን አቅፌ ተነሣሁ። አባቴ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሆነው፣ «እና ቫልቩን ማን ያያል?» አሉ። እውነት ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ተማሪዎቻቸው ብረት ለመንካት ይጸየፋሉ፣ አያ ገሠሠ ሩቅ ነው፣ እሳቸው ዓይን የላቸውም። እናቴ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብላ ተሟገተች፤ ማኪናው እስከጮኸ ትማራለች ብያለሁ አለች። ማኪናው እንዲጮኽ ግን እኔ እዚያው መቀመጥ ነበረብኝ። «ለዚህ ዓመት ብቻ ነው» አሉ አባቴ፣ በቅን ልቡና፤ በቅን ልቡና መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ለዚህ ዓመት ብቻ ያልነው ዓመት ሌላ ዓመት ወለደ፤ ወፍጮ ቤቱ እኔን አሳደገኝ፣ ዳረኝ፣ ልጆቼን አበላልኝ፤ አምስተኛ ክፍልን ግን አላሻገረኝም።

ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ቦታው ሌላ ቤት ተሠርቶበታል፤ ሞተሩን ቁራሌው ጭኖ ወሰደው። አባቴ ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከዚያው ወይራ ሥር አርፈዋል። እናቴም ከአጠገባቸው። የፍየሉን ብራና አይጥ በላው፤ የጠቦቱ ግን ከሣጥኔ አለ፣ ጠርዙ በዘይት ጠቁሮ። ከዮናስ ጋር በተሟገትን ማግሥት ይዤው ሄድሁ። ጄኔሬተሯ ስለ በረደች ክዳኗን አስከፈትሁት፤ እንደ ገመትሁትም ክፍተት የሚባል የላትም። እጄ መንገዱን አልረሳም፤ ዳዶውን ሳስር ያች የድሮ ጠላቴ፣ ያች አብራ የምትዞረዋ ብሎን፣ ልትሸውደኝ ሞከረች፣ ያዝኋት። ማታ መብራት ሲሄድ ዮናስ አስነሣት፤ ቅጭ ቅጭ አለች። «እትዬ፣ አሁን እኮ ትጮኻለች!» አለኝ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ። «ትጩህ» አልሁት።

ከደጄ ላይ ተቀምጬ አደመጥሁ። ቤዛ የሞተሩን ድምፅ ለማሸነፍ መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች፤ «ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል» አለች፣ ደግማ አለች፣ በቃሏ እስክትይዘው። እሷ ይህን የተማረችው እክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው። እኔ የተማርሁት ከክፍል ወጥቼ ነው።